ጥላው ገና ነው

ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ዓይናማ» ነበር የሚሏት። ቅጽል ስሙም በከንቱ አልወጣላትም። ሐኪሞቹ የታካሚውን የጥርስ ቀለም በቁጥር ጽፈው ሲልኩላት ወረቀቱን ወደ ጎን ትታ «ሰውየውን ላኩልኝ፣ በዓይኔ ልየው» ትላለች። ሰውየው ይመጣል፣ መስኮቱ አጠገብ ይቆማል፣ አፉን ይከፍታል። አንዴ ታየዋለች፤ በቃ። የምትሠራለት ጥርስ ከወንድሞቹ መሐል ገብቶ ሲሰለፍ የእንጀራ ልጅ አይመስልም ነበር።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከሥራዋ ሌላ በዚህች ዓለም ላይ ሁለት ነገር ነበራት፤ ወንድሟና አንድ ዘንዶ።

ወንድሟ በአራት ዓመት ታናሿ ነው። ዛሬ የቋንቋ መምህር ሆኖ፣ አግብቶ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶም እሷ «ማሙሽ» እያለች ነው የምትጠራው። እሱም «እትዬ» ይላታል። ልጆች ሳሉ እናታቸው የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ ፈረቃዋ ሲደርስ በሩን ከውጭ ቆልፋባቸው ትሄዳለች። አባት የሚባል በቤቱ አልነበረም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥግ ላይ የቆመችው የብረት ምድጃ ዝጋ ዝጋ አገልግሎቷን ከጨረሰች ቆይታለች። አንድ ቀን ማሙሽ በረደኝ ብሎ አልቅሶ አልቅሶ አልበቃ ሲለው፣ የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ ወደ ምድጃዋ እያመለከተች «ዝም በል! እዚያ ውስጥ ካንተ የባሰ የበረደው አለ» አለችው።

«ማን?»

«ዘንዶ ነዋ። እሳቱ ሆዱ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎታል። ስሙ ብርዱ ነው።»

ማሙሽ ንፍጡን በእጅጌው ጠርጎ «ከዚያስ?» አለ።

ከዚያማ የነገሩ መነሻ የእሷ፣ መቀጠያው የእሱ ሆነ። እሱ ያወራል፣ እሷ እናቷ ከሆስፒታል በምታመጣው የተጣለ ቅጽ ጀርባ ላይ ትስላለች። ብርዱ ክንፍ አወጣ፤ ደመና ከሚሰርቁ ሽፍቶች ጋር ተዋጋ፤ ሆዱ ውስጥ የተቀበረውን እሳት የሚያወጣለት ሐኪም ፍለጋ ሰባት ባሕር ተሻገረ። ሰውነቱ ከሲታ ነው፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ቀለሙ እንደዚያች ምድጃ ዝገት ነው፤ በጎድኖቹ መሐል ግን እሳቱ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። እናታቸው አርፋ፣ ቤቱ ፈርሶ፣ ሁለቱም ጎልምሰው እንኳ ብርዱ አልሞተም። በመጨረሻ ማሙሽ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ወግ ባለው አማርኛ ጻፈው፤ እሷም በባለቀለም እርሳስ አሥራ አራት ስዕል ሳለችለት፤ ሁለቱ ተያይዘው ወደ አንዲት አሳታሚ ሄዱ።

አሳታሚዋ ቀጭንና ፈጣን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ጽሑፉን ቀድማ አንብባው ነበርና ብዙ አላለችም፤ «ታሪኩ ይተነፍሳል፣ እፈልገዋለሁ» አለች። ከዚያ ስዕሎቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸውና ከዳር እስከ ዳር እየተራመደች አየቻቸው።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አለች። «መስመሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ጥላው ነው። ያጨለምሽው በጥቁር እርሳስ ነው አይደል? ዘንዶው ወረቀቱ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ልዳብሰው ብል እጄ የሚዞርበት ጀርባ የለውም።»

ማሙሽ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ዓይናማ ክርኑን ያዝ አደረገችው። ሴትዮዋ ልክ ነበረች፤ እሷም ድሮውኑ አንድ ነገር እንደጎደለ ታውቀዋለች፣ ምን እንደሆነ ግን ስም አላገኘችለትም ነበር።

«ጊዜ ከሰጠሽኝ አስተካክዬ አመጣዋለሁ» አለች።

«ጊዜ አለ» አለች አሳታሚዋ።

ደረጃውን ሲወርዱ ማሙሽ ቆም አለና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አንቺ ካልሳልሽው መጽሐፉ ይቅር» አላት። ማንም አላስገደደውም፤ በገዛ አፉ ነው ያለው።

በማግስቱ ዓይናማ ከስዕሎቹ አንዱን ይዛ ሥራ ገባችና በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ አፍጥጣ ታየው ጀመር። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «አለቃ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ሙያውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዳቧቸውን እየገመጡ ከኋላዋ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥርስ ነጭ ነው?»

«ኧረ አይደለም አለቃ።»

«ታዲያ ጥላ ጥቁር ነው ያለሽ ማነው?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየጠፋ ሄደ። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጇ ስትሠራው የኖረችውን ነገር ነበር የነገሯት። አንድን ጥርስ ጥርስ የሚያስመስለው ላዩ አይደለም፤ መጀመሪያ ከሥር ቢጫማው ይገባል፣ በላዩ ወተት የመሰለው በስሱ ይደረባል፣ ወደ ድዱ ሲጠጋ ቀላ ይላል፤ ብርሃን ገብቶ ከውስጥ ሲመለስ ነው ዓይን የሚታለለው። በብሩሽ የምታውቀውን በእርሳስ ረስታው ኖሯል።

ያን ቀን ጥቁሩን እርሳስ ለክፍሉ መዝገብ ጸሐፊ ሰጠችው። የሰፈሩን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አዳርሳ ሐምራዊ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ገዛች። ቅዳሜና እሁድ ብርሃን ሳለ መስኮቷ ሥር ትቀመጣለች። ጥላ ወደሚያርፍበት መጀመሪያ ሐምራዊውን ታስገባለች፣ በላዩ የዝገቱን ቀለም፣ በዚያ ላይ ደግሞ ብርቱካኑን እንደ እስትንፋስ በስሱ። ተጭና ስትቀባ የእርሳሱ ሰም ወረቀቱን እንደሚደፍነው፣ አንዴ ከተደፈነ ደግሞ ሌላ ቀለም ልጨምር ብትል ቅባት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ እየተንሸራተተ እንደማይዝ በአምስት የተበላሸ ወረቀት ተማረች። ስለዚህ እጇ ቀለለ። እርሳሱን ጫፉን አሹላ፣ ከኋላው ይዛ፣ ትንንሽ ክብ እየሠራች ስድስትና ሰባት ጊዜ ትደርባለች። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ ፈጽሞ አትነካውም፤ ያ ነጭ አንዴ ከሄደ ላጲስ አይመልሰውም።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መገመት ሲያስቸግራት ለጥርስ መቅረጫ ከሚሆነው ሰም ላይ ቆንጥራ አውራ ጣት የምታህል ዘንዶ ሠራችና መስኮቱ ላይ አቆመቻት። በየሰዓቱ ጥላዋ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሆዷ ሥር ከመስኮቱ ደፍ የሚመለሰው ብርሃን ምን እንደሚያደርግ እያየች ትስላለች። አለቃ ይህን ሰምተው «ለእሷስ ስንት ጥርስ እናስገባላት?» እያሉ ክፍሉን ያስቁ ነበር።

ማሙሽ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ልክ ፈተና እንደሚጠብቅ መምህር በስዕሎቹ ፊት ይመላለሳል። አንዳንዱን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያችኑ ቃል ይላታል።

«ጥሩ ነው እትዬ። በጣም ጥሩ ነው። ግን ጥላው ገና ነው።»

መጀመሪያ መጀመሪያ ቃሉ ደስ ይላት ነበር። ወንድሜ ለይሉኝታ ብሎ አያሞግሰኝም፣ እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ሥጋ ነው የሚያየኝ ትላለች። እየቆየ ግን የሚያወጣው እንከን እየረቀቀ መጣ። አንዴ የጅራቱ ጫፍ ነው፣ አንዴ የበረዶው ሰማያዊነት በዛ ነው። አራተኛው ስዕል ላይ ብርዱ በጨለማ ዋሻ ውስጥ አንድ ክንፉን ዘርግቶ ይታያል፤ ከጎድኑ የሚወጣው የእሳት ብርሃን በክንፉ ስስ ቆዳ በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ የክንፉ አጥንቶች ጨለማ፣ ቆዳው ደግሞ ከውስጥ የበራ መሆን አለበት። ያንን ክንፍ ሁለት ጊዜ ነው እንደ አዲስ ያስጀመራት። ለአንዱ ክንፍ አራት አራት እሁድ ሄደበት። በመሐል ጣቷ ላይ እርሳስ የሚያርፍበት ቦታ ጠጠር መሳይ ቆዳ አወጣ። ሦስተኛውን ስትጀምር በንዴት እንባዋ ጠብ ብሎ የወረቀቱን ጥግ አበላሸባት፤ ጥጉን ቆርጣ ቀጠለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። አሥራ አራቱም አለቁ። ራሷን የማታሞግሰው ሴት አንድ እሁድ በተርታ አቁማቸው ወደ ኋላ ሸሸት አለችና «አሁንስ ተነሥቶ ሊሄድ ነው» አለች ለራሷ። ማሙሽ በመጣ ጊዜ ብዙ ቆይቶ አያቸው። የሚያወጣው እንከን አጣ። ብርቱካኑን እየላጠ «አሁን ሴትዮዋ ሥራ በዝቶባታል፤ ትንሽ እንቆይና እኔ ራሴ እወስዳቸዋለሁ» አላት። እሷም አመነችው። ለምን አታምነውም?

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም ሻይ በያዘበት ሰዓት አለቃ አንድ ነገር ከጀርባቸው ደብቀው ገቡ።

«ስሙኝማ! ይህቺ ሴት ለካ ከእኛ ተደብቃ ታሳትማለች! የልጅ ልጄ ትናንት ለልደቷ ተሰጥቷት ሳየው፣ ይኼ ብርዱ የኛ ብርዱ አይደለም እንዴ ብዬ ነጠቅኳት። ኋላ ግን ትገድለኛለች፣ መመለስ አለብኝ።» ብለው መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

የክፍሉ ልጆች ሁሉ ከበቧት። ሽፋኑ ላይ ድቡልቡል ያለ፣ ዓይኑ እንደ ሳህን የሰፋ፣ ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ዘንዶ ይስቃል። ዓይናማ መጀመሪያ የመሰላት ሽፋኑን ብቻ ሌላ ሰው እንደሠራው ነው። ገለጠች። እንደገና ገለጠች። በየገጹ ያው ሰማያዊ ነው። ከዝገቱም፣ ከጎድኑም፣ ከእሳቱም አንድ ነገር የለም። ጥላ ደግሞ፣ አንድም ቦታ፣ በአንዲትም ክንፍ ሥር፣ ጥላ የሚባል አልነበረም፤ ዙሪያውን በጥቁር መስመር የታጠረ ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ደራሲ» ከሚለው ፊት የወንድሟ ስም፣ «ሠዓሊ» ከሚለው ፊት የማታውቀው ሰው ስም ተጽፏል። ከሥሩ አንድ መስመር አለ።

አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡላት። «‹ተረቴን በትዕግሥት ላዳመጠችኝ እህቴ።› አየሽ? አንቺንም አንሥቶሻል! ወንድም ይሉሃል እንዲህ ነው!»

ልጆቹ አጨበጨቡ።

ዓይናማ «አመሰግናለሁ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሻይዋን ጠጣችው፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላወቀችውም። ያን ቀን ሁለት የፊት ጥርስና አንድ መንጋጋ ሠርታ ጨርሳ፣ ለአለቃ «መጽሐፉን እስከ ነገ አውሱኝ» ብላ፣ በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ናት። ደግ፣ ጨዋ ሴት ነች።

«እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። ብቻዎን መጡ? ዓይንዎንስ እንዴት አደረገዎት?»

«ዓይኔን?»

«ወንድምዎ ነግሮኝ የለ። በዓይንዎ ድካም ምክንያት ስዕሉን እንደተዉት። እኔማ አንጀቴን ነው የበላኝ። እንዳላነሳብዎትም አደራ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ አምልጦኝ ነው። ሕክምናው ረዳዎት?»

ዓይናማ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ልትቀመጥ አልመጣችም ነበር።

«መቼ ነው ይህን የነገረሽ?»

«ውሉን የፈረመ ጊዜ። አምና አይደል? ትምህርት የተከፈተ ሰሞን።»

ቆጠረችው። አሳታሚዋ ቢሮ ከሄዱ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው እሁድ ሁሉ፣ ብርቱካኑ ሁሉ፣ «ጥላው ገና ነው» ሁሉ፣ መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ ላይ ሳለ ነው።

ማሙሽ የተማሪ ደብተር ታቅፎ ገባ። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ሲያይ ደብተሮቹን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ… ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። እሁድ እሁድ በርሽን ሳንኳኳ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። አንቺ ስትከፍቺ ፊትሽ በርቶ አገኘዋለሁ፣ ይጠፋኛል። ከዚያ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ… ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«በአፍህ።»

ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዓይኗ ደክሟል አልክ» አለች። «ስንት ሕመም ሞልቶ፣ እግሯን አላልክ፣ ወገቧን አላልክ። ዓይኗን።»

ሚስቱ ከኋላ ቀስ ብላ «ዓይንዎ ደህና ነው እንዴ?» አለች። ባሏን አየችው፣ እህቱን አየቻት፣ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

«አሳታሚዋ ናት» አለ ማሙሽ። «የአሁኑን ሠዓሊ አመጣችና ወይ ከእሱ ጋር ወይ ተወው አለችኝ። ሃያ ዓመት የለፋሁበት ነገር ከእጄ ሊወጣ ሆነ። አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም። አራተኛው ስዕል። ክንፉን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ አስጀመርከኝ። እውነት ጥላው ጎድሎት ነበር? ወይስ ቶሎ እንዳልጨርስብህ ነው?»

ማሙሽ ግድግዳውን አየ፣ ጣራውን አየ። በእውነት እያሰበ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። በመጨረሻ አንገቱን ደፋና «አራተኛው የቱ ነበር?» አለ።

ተነሥታ ወጣች።

ያን ሰሞን ከሥራ ስትመለስ ፀሐይ ገና መስኮቷ ላይ ትደርስባታለች። ሦስቱን ክንፎች፣ የተጣሉትን ሁለቱንና የመጨረሻውን፣ ጎን ለጎን ዘርግታ ታያቸዋለች። የመጀመሪያው ከታች ጫፉ ላይ ጥላው ሞቶ እንደነበር አሁንም ታያለች፤ ያኔ ማሙሽ ልክ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛውስ? ይህንን ስታነሣ ያ ይሻላል፣ ያንን ስታነሣ ይህ ይሻላል። ያጫሽን ጥርስ ከማያጨስ በአንድ ዕይታ የምትለየው ሴት መለየት አቃታት። ከሁሉ በላይ አንጀቷን ያሳረራት ደግሞ እጇ መሠልጠኑ ነው። ሊያዘገያት ብሎ ያወጣው እንከን፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ እየነካ እየነካ ሠዓሊ አድርጓታል። ሌባ ቤት ሰብሮ ገብቶ ዕቃውን ሲወስድ ወለሉን ጠርጎ ቢሄድ፣ ሰው ወለሉን ምን ይለዋል?

ማሙሽ መልእክት ላከ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሚስቱን ላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አልመለሰችለትም። አለቃ ነገሩን ሲሰሙ መጽሐፉን ያመጡት እሳቸው ናቸውና ለብዙ ቀን ዓይኗን ማየት አፍረው ቆዩ።

አራት ወር ያህል ቆይቶ አሳታሚዋ ራሷ ደወለችላት፤ ነይና እንነጋገር አለቻት። ሄደች። ለምን እንደሄደች ራሷም በደንብ አታውቀውም፤ ምናልባት ነገሩን ከሌላ አፍ ለመስማት ይሆናል።

ማሙሽ፣ ሊክሳት አስቦ ይሆናል፣ በየእሁዱ በስልኩ ያነሣቸውን ፎቶዎች ለሴትዮዋ አሳይቷት ኖሯል።

«ይህን ሁሉ የት ደብቀሽው ነው?» አለች አሳታሚዋ። «እኔ እንዲህ ያለ የእርሳስ ሥራ አይቼ አላውቅም። ክንፉ በራ እኮ! ዓይንሽ መዳኑን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ዓይኔ ታምሞ አያውቅም።»

«ወንድምሽ ነው የነገረኝ» አለች። «መጥቶ፣ እህቴ ዓይኗ ስለደከመ ትታዋለች፣ እኔም ከምጠብቅ ሌላ ሠዓሊ ፈልጊልኝ አለኝ። እኔ እኮ ጊዜ አለ ብያችሁ ነበር።»

«ወይ ከዚህኛው ጋር ወይ ተወው አላልሽውም?»

«እኔ?»

ዓይናማ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሴትዮዋ የምትለውን አልሰማችም። እስከዚያ ቀን ድረስ ወንድሟን ፈሪ ነበር የምትለው። ፈሪ ይቅር ይባላል፤ ፈሪነት ልጅ ሳለም ነበረበት። ያስገደደው ሰው አለመኖሩን አላሰበችውም ነበር። መጠበቅ ብቻ ነው የሰለቸው።

ከሐሳቧ ስትመለስ ሴትዮዋ ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ እየተናገረች ነበር። የመጀመሪያው ሠዓሊ ዝናው ሲጨምር ዋጋውን ከፍ አድርጎ አስቸግሯታል፤ ሁለተኛውን ዓይናማ ብትሥለው ደስ ይላታል። «አንድ ነገር ብቻ» አለች፣ «ልጆቹ ብርዱን በሰማያዊነቱ ነው የለመዱት። ድቡልቡሉን፣ ትልቅ ዓይኑን እንዳለ ትወስጂውና አንቺ ጥላውን ትጨምሪበታለሽ።»

«እኔ ይህን ዘንዶ አላውቀውም» አለች ዓይናማ። «የሚያውቀው ይሣለው።» ቦርሳዋን አንሥታ፣ ሴትዮዋን በትሕትና ጨብጣ ወረደች።

በቀጣዩ እሁድ ማሙሽ በሯን አንኳኳ። ብርቱካን አልያዘም። እንዲገባ አላለችውም፤ ደፉ ላይ እንደቆሙ ተነጋገሩ።

«እምቢ አልሽ አሉ። ሠዓሊ ካልተገኘ ሴትዮዋ ሁለተኛውን ልትተወው ነው እኮ። እኔን ቅጪኝ፣ መጽሐፉ ምን አደረገሽ?»

«ጊዜ አለ ብላህ ነበር፤ ያልጠበቅከኝ አንተ ነህ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር እትዬ። ስንት ጊዜ ልጠብቅ? የምታሻሽዪው መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ይህንኛውን ቢያንስ ሳይዋሽ ነው የተናገረው። እሷም ስለዚህ ይሆናል ድምፅዋን ሳታነሣ የመለሰችለት።

«ይህንኑ ያኔ ብትለኝ እኮ አለቅስና እተወው ነበር። አንድ ሳምንት አለቅሳለሁ፣ በቃ።»

«ስለ እናታችን ብለሽ…»

«እናታችንን ተዋት። እሷ በሩን ስትቆልፍብን ልትመለስ ነው።»

ጫማውን አየ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል ይደዋወላሉ። «ደህና ነሽ?» «ደህና። ደህና ነህ?» «ደህና።» ከዚህ አያልፍም። ሁለተኛው መጽሐፍ በመጀመሪያው ሠዓሊ እጅ፣ በዚያው ሰማያዊ ወጣ፤ ከፊተኛው የበለጠ ተወደደ ይባላል።

አለቃ ጡረታ የወጡ ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ ቤታቸው ተጠራ። ዓይናማ ከአሥራ አራቱ አንዱን፣ ብርዱ ባሕር ላይ ሲበርና ጥላው ማዕበሉ ላይ ሲሰበር የሚታይበትን፣ በመስታወት አስገብታ ለልጅ ልጃቸው ይዛላት ሄደች። መቼም መጽሐፉን ነጥቀው ስላስለቀሷት፣ ለካሣ ይሆናል ብላ ነው።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ስዕሉን ተቀብላ ወለሉ ላይ አስተኛችውና ተንበርክካ መረመረችው።

«ብርዱ ነው እኮ» አሉ አለቃ፣ ደስ ብሏቸው።

«ብርዱ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ብርዱ ሰማያዊ ነው። ይሄ ከሲታ ነው።»

አለቃ ደነገጡ። «አንቺ! እሷ እኮ ነች ራሷ…» ሲሉ ዓይናማ እጃቸውን ያዝ አደረገቻቸው።

«ልክ ናት፣ ተዉአት» አለች። «ብርዱ አይደለም፤ ዘመዱ ነው።»

ልጅቷ በጥርጣሬ ቀና ብላ አየቻት። «ስሙስ ማን ነው?»

ዓይናማ ጎንበስ ብላ የስዕሉን መስታወት በመዳፏ ጠረገች።

«ስም የለውም» አለቻት።

ልጅቷ ስዕሉን አንሥታ ወንበሩ ላይ ፊቱን ወደ መደገፊያው አዙራ አስቀመጠችውና ወደ ጨዋታዋ ሄደች።